ለአራት እግር የተገዛ እንክብል

የባለጋሪው ፈረስ የኋላ እግሮቹ ይብረከረኩ ጀመር። የእንስሳት ሐኪሟ፣ «ለምለም ሣር አጥቶ በድርቆሽ ብቻ ስለኖረ ቫይታሚን ኢ ጎድሎታል» አለችው።

ለፈረስ የተሠራው ፈሳሽ ቫይታሚን ዋጋው ፈረሱን ከነጋሪው፣ ከነባለጋሪው ይገዛል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የሰውን እንክብል መረጠ።

«ለፊትዎ ወዝ ነው ጋሼ?» አለች ሻጯ።

«የምን ፊት! ለእግር ነው፤ ያውም ለአራት እግር።»

በየቀኑ አምስት እንክብል በጥርሱ እየሰነጠቀ ዘይቱን ፉርሽካ ላይ ያንጠባጥብ ነበር። በሁለት ወር የእሱ ከንፈር እንደ ሙሽራ ከንፈር ወዛ፤ ፈረሱ ግን ጭራሽ ተኛ።

ሐኪሟ ዳብሳው አንገቷን ነቀነቀች። «ጋሼ፣ ይብቃዎት። ነርቩ ከተጎዳ ቆይቷል፤ ውዱ ፈሳሽም ቢሆን አያስነሣውም።»

«ዛሬ እኮ ጆሮውን አንቀሳቅሷል» አለና አምስተኛውን እንክብል ነከሰ።