መዳፍ የምታክል ሐይቅ

ብዙ ወጪ ስለማይጠይቁ የቅዳሜና እሁድ ጉዞዎች ልዘግብ፣ ከሐይቅ ከተማ በላይ ያለውን ተራራ እየወጣሁ ነው። ዳገቱ ለጀማሪም አይከብድም። የረገጥኩት ጦስኝ ሲሸተኝ አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀዘፉበትን ሐይቅ ግን ከላይ ሆነው አይተውት አያውቁም። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ፣ "ሳይጨልምብኝ አንዴ ሙሉዋን ልያት" ብለው ያኔ ልጅ የነበርኩትን እኔን አስከትለው ይህንኑ ዳገት ወጡ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ውሃው ወለል ብሎ ታየኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ደጋግመው ቢያሹም ነጭ ጭጋግ ብቻ ሆነባቸው።

"ዘገየን እንዴ፣ አባባ?" አልኳቸው።

"አብሽር። ይልቅ ምን ታክላለች?"

"ከዚህ መዳፍዎን ታክላለች።"

መዳፋቸውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ መቅዘፊያ ያሻከረውን ቆዳ ትኩር ብለው አዩት። "ይህችው ናት ታዲያ ስታለፋኝ የኖረችው?" ብለው ሳቁና ጣቶቻቸውን በቀስታ አጠፉ። ተራራውን ወርደን እስክንጨርስ አልዘረጓቸውም።

ዛሬ እዚያው ቦታ ቆሜ መዳፌን ወደ ሐይቁ ዘረጋሁ። ውሃው ከጣቶቼ አልፎ በየጎኑ ይታያል፤ የሚበቃው የአያቴ መዳፍ ብቻ ነበር።