ሁለተኛው ዕጢ

ሞላልኝ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እኅቱ ቤት ሲሄድ ከአውራ ጎዳናው እሷ ወደምትኖርበት ካሮልተን የሚያወጣውን መታጠፊያ ሁለት ጊዜ አለፈው። መንገዱ ጠፍቶት አይደለም፤ ለዓመታት የኤርፖርት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። እግሩ ነው ነዳጁን አልለቅ ያለው።

ጠዋት የምታክመው ሐኪም ያለችው ከጆሮው አልወጣ ብሏል። ባለፈው ዓመት ከኩላሊቱ ወደ ፊኛው በሚወርደው ቱቦ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት፣ ከግራ ኩላሊቱ ጋር ተቆርጦ ወጥቶለታል። አሁን ደግሞ አንጀቱ ላይ ሌላ ተገኘ። የፊተኛው የተዛመተ መስሎት ነበር። አይደለም አለችው፤ ሁለቱም ለየብቻቸው የበቀሉ ካንሰሮች ናቸው። እንዲህ ሲሆን አንዳንዴ በዘር የሚወርድ ነገር ስለሚኖር፣ ከቤተሰቡ ካንሰር የነበረበት ሰው እንዳለ ጠየቀችው። አምና «ማንም የለም» ብሎ ነበር። ዛሬ ግን እኅቴን ልጠይቅ አላት።

እነሱ ቤት የዚያ በሽታ ስም አይጠራም። እናታቸው ስትሞት እሱ ካርቱም ነበር፤ የደረሰው ወሬ «ሆዷን አሟት» የሚል ብቻ ነው። ያስታመመቻት ታላቅ እኅቱ የሺሃረግ ናት። እሱም በተራው ኩላሊቱን ያስወጣው በጠጠር ምክንያት ነው ብሏታል። እሷም አምናው፣ ለጠጠሩ መድኃኒት ብላ በየሳምንቱ ገብስ እየቀቀለች ውሃውን ስታጠጣው ከረመች።

ዛሬም ገና ሳይቀመጥ የገብሱን ውሃ ቀዳችለት። ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ መስኮቱ ጋ ሄዶ ተመለሰ።

«ምን ያቁነጠንጥሃል? የታክሲው ሜትር እየቆጠረብህ ነው?» አለችው።

ቆሞ እንዳለ ሁሉንም ነገራት። ጠጠር የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ አሁንም ሌላ እንደተገኘበት። የሺሃረግ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ዓመት ሙሉ ገብስ ሲያስቀቅላት መክረሙን አንሥታ ወረደችበት። ከዚያ ድምፅዋ ሰለለና ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ያዘች።

«እትዬ፣ እማዬ በምን ሞተች?»

«ሆዷን ነዋ።»

«ሆዷን ምን?»

ውሃው ይወርዳል። «መጀመሪያ ማህፀኗ ነበር። እሱን አውጥተውላት ዳነች። ኋላ ከዓመታት በኋላ አንጀቷ ላይ ሌላ መጣ። አንተ በሰው አገር ብቻህን ነበርክ፤ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ሞላልኝ ቧንቧውን ዘጋው። እንዲህ ከሆነ እሷም መታየት እንዳለባት፣ ቶሎ ከተገኘ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገራት። እሷ ግን ደህና ነኝ አለች፤ ሥራ እውላለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

«ሲፈልጉ ያገኛሉ፤ ካልፈለጉ ምንም የለም» አለችው።

«የእኔን ሳይፈልጉት ነው ያደገው።»

እሱ ሰዓቱን አየ፤ ጠዋት የነበረበት ክሊኒክ ሊዘጋ ነው። ኮል አደረገና፣ ነርሷ ስታነሣ ስልኩን ለእኅቱ ዘረጋላት። የሺሃረግ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፤ አንድ ጊዜ ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ተቀበለችው።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ የእናቷን ነገር ተናገረች። «ካንሰር» የምትለው ቦታ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያ ቃሉን ተናገረችው። ደግማም አለችው፤ ሁለት ስለነበር። ነርሷ እሷ ራሷ ተመርምራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። የሺሃረግ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ አልፈታም።

«ኖ» አለች፣ «ሚ፣ ኔቨር።»

ሞላልኝ ስልኩን ትመልስልኛለች ብሎ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጠችውና፣ ለነርሷ ስሟን ፊደል በፊደል ትቆጥርላት ጀመር።