የፋናዬ ጣት

ፋናዬ አሰላ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ፋይል ጠፋ ሲባል መደርደሪያ ሳታይ ቁጥሩን በቃሏ ትናገር ነበር። ጡረታ ስትወጣ የምትቆጣጠረው ነገር አጣች። በዚያው ሰሞን ባሏ ይስሃቅ ስኳር አለብህ ተባለ። እሷም ሥራ አገኘች።

ይስሃቅ ዕድሜውን በአይሱዙ ከዲክሲስና ከኢተያ ስንዴ ሲያመላልስ የኖረ፣ ኩንታል ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው። ከመርፌ ጋር ግን አይተዋወቅም። የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ፈይሩዛ ጣቱን ስትወጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ፋናዬ ደብተር ገዛች፤ በማስመሪያ አሰመረች። ከሰሃኑ ላይ እንጀራ ትቀንሳለች፣ ሻዩ ውስጥ ስኳር ካየች ብርጭቆውን ታነሳለች፣ ጎረቤት በቅቤ የታሸ የገብስ ጪኮ ከላከ ይስሃቅ ሳያየው ከፊቱ ይሰወራል። ችግር የሆነባት ልኬቱ ብቻ ነበር። ልጃቸው ከአዳማ የላከችው የስኳር መለኪያ ሣጥኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ሁለት ሳምንት አለፈው።

አንድ ቀን ምሳ በልተው ሁለት ሰዓት ሲሞላ መለኪያውን ይዛ ፊቱ ተቀመጠች።

«ነገ እለካለሁ» አለ ይስሃቅ።

«ትናንትም ነገ ብለሃል።»

«ዛሬ ደግሞ እጄ ቀዝቅዟል፤ ደም አይወጣውም።»

«ትንኝ የነከሰህን ያህል እንኳ አያምም። እኔን እየኝ።»

የራሷን ጣት ወጋ አደረገች። ጠብ ያለችውን ደም መለኪያው ላይ ከተሰካችው ወረቀት ጋር አስነካች። መለኪያው ከአምስት ወደ ታች ቆጠረና ቁጥር አወጣ። ይስሃቅ መነጽሩን አደረገ።

«ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ይላል።»

«ተበላሽቷል» አለች ፋናዬ።

«ቆይ፣ እጅሽን ታጥበሻል?»

አልታጠበችም። ከምሳ በኋላ ማር ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ስትገለብጥ ነበር።

«ፈይሩዛ ነግራናለች እኮ» አለ ይስሃቅ ደስ ብሎት። «ጣት ላይ ጣፋጭ ነገር ካለ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።»

«አንተ ደግሞ መቼ ሰማህ?»

«አንቺ ስትጽፊ እኔ አዳምጥ ነበር።»

ፋናዬ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በደንብ አደረቀች፣ ሌላ ጣት መርጣ ወጋች። ሁለት መቶ ሃያ አራት። ከእንግዲህ በማር የሚሳበብ አልነበረም። መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይስሃቅ አያት አያትና ያንን ትልቅ እጁን ዘረጋላት።

«በይ ውጊኝ። ብቻሽን አትሁኚ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ተወጋ። የሱ መቶ ሰባ አንድ ነበር።

በማግስቱ በባዶ ሆዷ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ሲስተር ፈይሩዛ የሆነውን ሰምታ ስትጨርስ፣ «እትዬ ፋናዬ፣ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ የታየ ቁጥር ብቻውን ስኳር አለብዎት አያሰኝም» አለች። «ምንም ሳይበሉ ተመርምረው ከመቶ በታች ከሆነ ጤነኛ ነዎት። መቶ ሃያ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ከተደገመ ግን ስኳር ነው።»

የዚያን ዕለት መቶ ስልሳ ሁለት ሆነ። በሳምንቱ መቶ ሃምሳ ሰባት።

«ውሃ አይጠማዎትም ነበር? ሽንትስ ቶሎ ቶሎ አይመጣብዎትም?»

«ይመጣብኛል። የአሰላ ብርድ መስሎኝ።»

«ምግብስ?»

«እንደሱው ነው የምበላው።»

ይስሃቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደኔ አይደለም፤ የኔን ነው። ከፊቴ የምታነሳውን ሁሉ ጓዳ ገብታ ትጨርሰዋለች።»

ሲስተር ፈይሩዛ ሳቋን ለመደበቅ ካርድ የምትፈልግ መስላ ዞረች። ፋናዬ ፊቷ ቀላ። «እንዳይጣል ብዬ ነው» አለች በቀስታ። የእሱ እንጀራ፣ የእሱ ሻይ፣ የእሱ ጪኮ፤ ሁሉንም ቆማ ነበር የምትበላው። ቆመው የበሉት እንደማይቆጠር ለራሷ ነግራ ነበር።

ኪኒን ተሰጣት። በባዶ ሆድ ከሰማንያ እስከ መቶ ሠላሳ፣ ምግብ በጀመሩ በሁለት ሰዓት ደግሞ ከመቶ ሰማንያ በታች እንዲሆን መከረቻቸው። ደብተሩ ላይ ሁለተኛ ዓምድ ተሰመረ። አሁን ይስሃቅ እሷን ይወጋል፣ እሷ እሱን። ጠዋት ጠዋት አብረው በእግራቸው ወጣ ይላሉ። ውድድር አይደለም ቢባሉም፣ ቁጥሩ በአራት እንኳ የበለጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲበሸቅ ይውላል።

ከሦስት ወር በኋላ ይስሃቅ ለለቅሶ አቦምሳ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ደወለላት።

«ምሳ ምን በላሽ?»

ጎረቤት ጨጨብሳ ልኮ ነበር፤ ግማሹን በልታለች፣ ያውም ቁጭ ብላ።

«ጨጨብሳ።»

«ከበላሽ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ለክተሽ ንገሪኝ።»

እሱ በሌለበት ያለችውን ከማመን በቀር ምን ያደርጋል? መቶ ስልሳ ማለት ትችል ነበር። እጇን ታጥባ ለካች፤ መልሳ ደወለችለት።

«መቶ ዘጠና አንድ» አለችው፤ አንዲት ቁጥር አልቀነሰችም።

«እዚያ ይዘንባል እንዴ?»

«አይ፣ ፀሐይ ነው።»

«እንግዲያው ትንሽ ተራመጂ።»

ፋናዬ ጫማዋን አጠለቀች፣ ጋቢዋን ደረበችና በሯን ቆልፋ ወጣች።