ከሱቅ የተገዛ ዓሣ

የባሌ ጓደኛ ፍስሐ የበደለኝ ከሚኒሶታ ወደ ሲያትል በመጣ በዓመቱ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታው ይቅርበት። ባለፈው መስከረም ያየሁት ነገር ባይኖር ኖሮ ስሙንም አላነሳም ነበር።

ባለቤቴ ተፈራ ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ይነዳ ስለነበር ለሁለታችን የምትተርፈን ቅዳሜ ብቻ ነበረች። እሷንም ፍስሐ ወሰደብኝ። በሚኒሶታ ወንዞች የለመደውን፣ ዝንብ በሚመስል መንጠቆ ዓሣ ማጥመድ አስተማረው። ላባና ክር ጠቅልለው ዝንቧን ራሳቸው ይሠራሉ። ጎህ ሲቀድ ወጥተው አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። ዓሣ ግን የለም።

«ለቀቅነው» ይለኛል ተፈራ። የወንዙ ሕግ ነው፣ ፍስሐ ሚኒሶታም እያለ እየያዘ ይለቅ ነበር አለኝ። እኔ ያደግሁት ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ነው። ዓሣ ይዞ የሚለቅ ጤነኛ ሰው አይቼ አላውቅም። «እንግዲያው ነይና እዪ» ሲለኝ፣ ወንዝ ዳር የምቀመጥ ሥራ ፈት አይደለሁም አልኩት። ሴት አለችው ብዬም ደመደምኩ።

አንድ ቅዳሜ ዓሣ ይዞ መጣ። ሆዱ ተጠርጎ ቅርፊቱ ተፍቆ ነበር፤ ፌስታሉ ላይ ዋይት ሴንተር ሰፈር ያለ ሱቅ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል። ዓይኔን ሳያይ «ዛሬ የያዝኩት ነው» አለኝ። ጠብሼ አቀረብኩለት። ከዚያ ለልጃችን ለሄለን ደውዬ አባትሽ ሴት ይዟል አልኳት። ማስረጃ አለሽ ወይ ስትለኝ አለኝ አልኳት።

ሄለን ያኔ ኮሌጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ የአባቷን ስልክ አላነሳችም። እሱም ምን እንዳደረጋት እየጠየቀኝ፣ እኔም አላውቅም እያልኩት፣ ዓመት ሳይሞላው ልቡ ቆመ።

ባለፈው መስከረም ከሬንተን ወዲያ ለቅሶ ቤት ሄጄ ነበር። መመለሻ አጣሁ። ፍስሐም እዚያ ነበርና ስካይዌይ ቤትዎ ድረስ ላድርስዎ አለኝ። መንገድ ላይ ወንዝ ዳር ሳይጠይቀኝ ፓርክ አደረገ። «እትዬ አስቴር፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ውኃውን ልየው» አለና ከመኪናው ኋላ የማጥመጃ ዘንጉን አወጣ። በለቅሶ ልብሱ ላይ እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ አጠለቀ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ወርጄ ዳር ቆምኩ።

ብዙም ሳይቆይ ዘንጉ ጎበጠ። ክንድ የሚያህል ዓሣ ወደ እግሩ ሳበ።

«ምን ይጠብቃሉ፣ ያውጡት እንጂ» አልኩት።

«አይቻልም እትዬ። ጀርባው ላይ ይቺን ትንሽ ክንፍ አዩዋት? የእርባታ ዓሣ ቢሆን ኖሮ አርቢዎቹ ለምልክት ይቆርጧት ነበር። ይሄ የወንዙ ነው። ከውኃ ማንሣትም ያስቀጣል።»

እጁን ውኃ ውስጥ ነከረ። በደረቅ እጅ ከተነካ ቆዳው ይጎዳል አለኝ። መንጠቆው ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ የለውም፤ በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ወጣ። ዓሣው መዳፎቹ መሐል ትንሽ ቆየና ሄደ።

ያኔ ነው ፍስሐ ጀርባውን እንደሰጠኝ የተናገረው።

«ተፌ አንድ ቀን አንዷን ጃኬቱ ውስጥ ሊከታት ነበር። አስቴር አላመነችኝም፣ አንዷን ብቻ ላሳያት ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩት። ከሱቅ ግዛላት፣ ዓሣ ዓሣ ነው ብዬ ቀለድኩበት። ገዛልዎት እንዴ?»

«ገዛልኝ» አልኩት።

«ጣፈጠ?»

መኪናው ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን አሰርኩ። እስከ ቤቴ ድረስ ስለ ውኃው መጉደል፣ ዓሣው ስለመመናመኑ አወራልኝ። እሺ፣ እሺ እያልኩ ሰማሁት።

ለፍስሐ ያለኝ ቂም አልወጣልኝም። የመንግሥትን ሕግ አክብሮ ባሌን አስዋሸው። ተፈራ ዓይኔን ማየት ያቃተው በሕይወቱ መዋሸት ስላልለመደ እንደሆነ ግን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ፍስሐ ለሄለን አልደወለም። ማስረጃ አለኝ ያልኩት እኔ ነኝ። «ምን አድርጌያት ነው?» ሲለኝ አላውቅም ያልኩትም እኔ ነኝ።

ቤት እንደገባሁ ነጠላዬን ሳላወልቅ ለሄለን ኮል አደረግሁላት። ስለ ሱቁ ወረቀት፣ ስለ ሕጉ፣ ፍስሐ ስላለው ሁሉ ነገርኳት። አባትሽ ሴት አልነበረውም አልኳት።

«ማም፣ ዋይ ናው?» አለችኝ። ለምን አሁን ማለቷ ነው።

ዛሬ ስላወቅሁ ነው አልኳት። ስልኩን እስክትዘጋው ጠበቅኋት።