የሦስት ሰው ቆሻሻ

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ፣ ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ የመጨረሻው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ከጓሯችን አጥር ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥሩ ጫካው፣ ከጫካው ማዶ ሐይቁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አጥሩን ተደግፎ «ምን ያለ ቦታ ነው የታደላችሁት!» ይላል። እንግዳው የማያየው ሌላ ነገር ነበር። ጅቡም፣ ከርከሮውም፣ ዝንጀሮውም የሚወጡት በዚያችው ዳገት ነበር፤ ሲወጡም መጀመሪያ የሚያገኙት የእኛን ቤት ነው።

ጊዜው ደርግ ጎረምሳውን ለብሔራዊ ውትድርና የሚያፍስበት ጊዜ ነበር። ቀበሌያችን የቆሻሻ ደንብ ያወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ያለ ምክንያት አወጣው አልልም። ሰዉ የዓሣ ጭንቅላትና የከብት አጥንት ገደሉ ላይ እየደፋ ጅቡን አለመደው፤ ጅቡም ለምዶ፣ በማለዳ ወፍጮ ቤት የምትሄድ አንዲት ሴት ክንዷን ቦጨቃት። ስብሰባ ተጠራ፣ መፈክር ተባለ፣ ከመፈክሩ በኋላ ደንቡ ተነበበ። ከእንግዲህ ገደል ላይ መድፋት የለም። እያንዳንዱ ቤት ቆሻሻውን ክዳን ባለው የዘይት ጣሳ ያጠራቅማል፤ ጣሳው ውጭ አያድርም። አጥንትና የዓሣ ነገር ጠረኑ እንዲጠፋ አመድ ይነሰነስበታል። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ጣሳውን ይዞ ሰፈሩ በጋራ ወደቆፈረው ጉድጓድ ይመጣል፤ ተቆጣጣሪ ባለበት ይደፋል፤ ጉድጓዱም በግንድና በድንጋይ ይከደናል። ይህን ያላደረገ ይታሰራል።

ደህና ደንብ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ደህና መሆኑ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መራገም ይቀለኝ ነበር።

ተቆጣጣሪ ሆና የተመረጠችው ጎረቤታችን ነበረች፤ የሴቶች ማኅበር ተጠሪ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት፤ ስትስቅ እንኳ የምትቆጣ የምትመስል። አንድ ወንድ ልጇን ከዚያ በፊት አፍሰው ወስደውባታል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ፣ የባሕር ዛፍ ዱላ ይዛ፣ የእያንዳንዱን ቤት ጣሳ ታማስላለች። የምታማስለው አመድ መኖሩን ለማየት ነው። ግን ቆሻሻ ሲማሰል አብሮ ብዙ ነገር ይወጣል። ማን ሥጋ እንደበላ፣ የማን ቤት ዕቃ እንደተሰበረ፣ ማን እንግዳ እንዳሳደረ እዚያ ይታያል። ሴቶቹ ጣሳቸውን ታቅፈው ሲሰለፉ፣ ኬላ ላይ ሻንጣው እንደሚፈተሽበት መንገደኛ ይቁነጠነጡ ነበር።

እኛ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የምንፈራው ነገር ነበረን። ታናሽ ወንድሜ ኮርኒስ ውስጥ ነበር።

አባቴ ለቀበሌው «ጨንቻ፣ አጎቱ ጋ ሄዷል» ብሎ ነገራቸው፤ ስሙም ከቤተሰቡ ቁጥር ተሰረዘ። ከዚያ አባቴ በጓዳው በኩል፣ ከኮርኒሱ በላይ ጣውላ ደረደረለት። ልጁ ቀኑን እዚያ ይተኛል። በአርባ ምንጭ ፀሐይ፣ ቆርቆሮ ሥር! እኩለ ቀን ላይ እኛ ከታች ሆነን ስንቃጠል እሱን እያሰብኩ ውሃ መጠጣት ያስጠላኝ ነበር። ሲመሽ ብቻ ይወርዳል፤ ወርዶም ግድግዳ ይዞ ነው የሚራመደው፣ እግሩ መሄድ እየረሳ። ሙሉ ጎረምሳ፣ ኳስ ሲመታ ሰፈሩ የሚሰማው ልጅ፣ ማስነጠስ ሲመጣበት ጨርቅ ይነክስ ጀመር።

ከቀበሌ ሱቅ የምናገኘው እህል የሦስት ሰው ነው። ለአራት ስናካፍለው ማንም አይጠግብም። የተረፈን ሙዝ ነበር። አባቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት የሙዝ እርሻዎች አንዱ ውስጥ የቀን ሥራ ገባ። ወድቆ የተፈነከተውን ሙዝ በጆንያ ይሰጡታል። ሙዝ እሳት አይፈልግም፣ አይሸትም፣ አይንኳኳም። ወንድሜ ሙዝ ቁርሱ፣ ሙዝ ምሳው ሆነ። ልጣጩን ግን የት ታደርገዋለህ?

መጀመሪያ ዝም ብለን ጣሳ ውስጥ እንጨምረው ነበር። አንድ ቅዳሜ ሴትዮዋ ጣሳችንን አማሰለች፤ ዱላዋ ቆመ። እናቴን ቀና ብላ አየቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ሦስት ሰው ይህን ሁሉ ሙዝ! ሆዳችሁን አያማችሁም?» አለች።

አልሳቀችም። በዱላዋ አመዱን ስባ ልጣጩ ላይ መለሰችበት፣ ከዚያ «ድፊው» አለቻት። እናቴን ክንዷን ይዤ ወደ ቤት መለስኳት።

ያን ቀን ቤታችን የለቅሶ ቤት ሆነ። እኛ ቤት ውስጥ የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ ያን ቀን በጋሞኛም በሹክሹክታ ሆነ። «አውቃለች» ትላለች እናቴ፤ «በቃ፣ አውቃለች።» እኔ አመዱን ስትመልስ አይቻለሁና «ምናልባት ልታስጠነቅቀን ይሆናል» አልኩ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ልጇን ወስደውባታል» አለ፤ «የእሷ ሄዶ የእኛ ሲቀር ዝም ብላ ታያለች?» በዚያ ዘመን እውነተኛ የሚመስለው ሁልጊዜ መጥፎው ሐሳብ ነበር።

ከዚያ በኋላ የያዝነው ሥራ ልጣጭ ማጥፋት ነው። ሰው ይስቅብን ይሆናል፤ እኛ ግን እያለቀስን ነው ያደረግነው። እናቴ ልታቃጥለው ሞከረች፤ እርጥብ ስለሆነ ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ ወንድሜ ከላይ ሳሉን አፍኖ ሊሞት ደረሰ። አባቴ ጓሮ ቀበረው፤ በማግስቱ ከርከሮ ገብቶ መሬቱን አርሶ፣ ልጣጩን እስከ ደጃፍ በትኖት ሄደ። ፀሐይ ወጥታ ሰው ሳይነሣ በእጄ ለቀምኩት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ልጣጩን ራሱን ቀቅላችሁ ስጡኝ፣ እበላዋለሁ» አለ። ቀቀልንለት፣ በላ፣ አስመለሰው። ሲያስመልስ እንኳ አፉን በልብስ ይዞ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ተስፋ የቆረጥኩበት ጊዜ የለም።

በመጨረሻ እናቴ ደንቡን ጣሰች። ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ውስጥ ሲሆን፣ ልጣጩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትወጣና ከአጥሩ ወዲያ ገደሉ ላይ ትበትነዋለች። ሳያት ደነገጥኩ።

«እማዬ፣ ዝንጀሮ ትጠሪብናለሽ!»

«ዝንጀሮ ቀበሌ ሄዶ አይናገርም» አለችኝ።

ዝንጀሮው መጣ። መጀመሪያ አንድ፣ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ። ቀጥሎ እናቶች፣ ግልገል በጀርባቸው አዝለው። ሰዓቱን አወቁት፤ ቀትር ሲቃረብ አጥራችን ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሰፈሩ ማጉረምረም ጀመረ። እናቴ ፈርታ ልጣጭ መጣሉን ስታቆም ደግሞ ባሰ። ዕዳ ያለብን ይመስል አጥሩን ዘለው ግቢ ገቡ። ከግቢው ጣሪያ ላይ ወጡ። ወንድሜ ኮርኒሱ ውስጥ ራስጌው ላይ የበሰለ ሙዝ አንጠልጥሎ ነበርና ሽታው ጠርቷቸዋል።

አባቴ ሥራ ላይ ነበር፤ ቤት ያለነው እኔና እናቴ ነን። ከሰዓት በኋላ መንጋው እንዳለ ጣሪያው ላይ ሰፈረ። ድስት ደበደብን፣ ድንጋይ ወረወርን፣ አልሆነም። አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ልክ ጓዳው አናት ላይ ተቀምጦ፣ ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል። ቆርቆሮው ሲጮህ ይሰማኛል። ከዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ወንድሜ ትንፋሹን ይዞ በጀርባው ተኝቷል።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ተቆጣጣሪዋም ዱላዋን ይዛ መጣች። ወዲያው ከቀበሌው ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ደረሱ፤ አንደኛው ጠመንጃ ይዟል። ሁለቱም ከሌላ አገር የመጡ፣ ቋንቋችንን የማያውቁ ወጣቶች ነበሩ።

«ዘወር በሉ» አለ ጠመንጃ የያዘውና ተንበረከከ።

እናቴ ከፊቱ ሄዳ ቆመች። «ተዋቸው የኔ ልጅ፣ ምንም አላደረጉንም፣ ይሄዳሉ» አለችው።

«እማማ፣ ሰው ሳይነክሱ ነው መመታት ያለባቸው። ይልቅ ከፊቴ ዞር ይበሉ።» ጓደኛው በትከሻዋ ይዞ ገለል አደረጋት።

ጠመንጃው ተቀባበለ። ያን ጊዜ እናቴ በጋሞኛ ጮኸች፤ «ልጄ እዚያ ነው ያለው፣ ልጄን!» እያለች። ጠባቂዎቹ አልገባቸውም። ሰፈሩ ግን ገብቶታል። ዙሪያውን አየሁ። ከቆመው ሰው የሚበዛው ሰምቷል፤ አንድም ሰው ወደ አማርኛ አልመለሰውም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ተቆጣጣሪዋ ብቻ ዱላዋን ጣለችና ጠመንጃውን አፈሙዙ ላይ ያዘች። «ለዝንጀሮ ጥይት ታባክናለህ? በድንጋይ ይሄዳል እያልኩህ!» ጮኸችበት። ወጣቱ እልህ ያዘው፤ አፈሙዙን ነጥቆ አስለቀቃትና እንደገና አነጣጠረ። ጣቱ ምላጩ ላይ ሲያርፍ አየሁ።

እናቴ በአማርኛ ጮኸች።

«አትተኩስ! ልጄ አለ! ኮርኒሱ ውስጥ ልጄ አለ!»

ዝንጀሮው በጩኸቷ በርግጎ ቆርቆሮውን ለቀቀ፣ ወረደ፣ መንጋውም ተከትሎት ወደ ገደሉ ሄደ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ወጣቱ ጠመንጃውን አውርዶ ደንግጦ ቆመ፤ እኛን ሊይዝ አልነበረም የመጣው።

ወንድሜ ሊጠሩት ሳይገቡ ራሱ ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲቆም ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው፤ በክንዱ ከለለው። ልብሱ አቧራና የሸረሪት ድር ነበር። ጎረቤቱ ስንት ወር ያላየውን ልጅ አይቶ አጉረመረመ፤ እንዲያ ከስቶ ያወቀው ማን ነበር!

«እማዬ፣ በቃ አትጩኺ» አለ። «ይኸው መጣሁ።»

ወሰዱት። ጫማ እንኳ አላደረገም፤ እኔ ጫማውን ይዤ ስደርስ መታጠፊያውን አልፈው ነበር።

እናቴ ግቢው መሐል ተቀምጣ ቀረች። ሰዉ አንድ በአንድ ሄደ፤ ተቆጣጣሪዋ ግን አልሄደችም። አጠገቧ ቁጢጥ አለችና፣ ድምጿ እንደ ልማዱ ሳይጮህ፣ በጋሞኛ፣

«ለምን ገደል ላይ ደፋሽው?» አለቻት። «እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ የቆምኩት ለምን ይመስልሻል? አመድ አላለብስልሽም ነበር?»

አባቴ ሲመጣ ጆንያውን እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆሞ የእኔንና የእናቴን ፊት አየ፤ ሳንነግረው አወቀ። ጆንያውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው።

በቆሻሻው ጥፋት ማንም አላሰረንም። የፈለጉትን አግኝተዋል።

በተከታዩ ቅዳሜ እናቴ ጣሳውን ራሷ ተሸከመች። ከባድ ነበር፤ ክዳኑም አልገጠመም። ሳየው እስከ አፉ የሙዝ ልጣጭ ነው። ከመካከላችን ሙዝ የቀመሰ ሰው አልነበረም፤ አባቴ ያን ቀን ያመጣውን ጆንያ ሙሉ ሙዝ እናቴ ልጣ ልጣ፣ ሙዙን እዚያው ጓዳ፣ ከጣውላው ሥር፣ በሳህን ደርድራው ነበር። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ጣሳውን ሴትዮዋ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«አማስዪው» አለቻት። «ስንት ሰው እንደሆንን ንገሪያቸው።»

ተቆጣጣሪዋ ዱላዋን አላነሣችም። ጣሳውን በሁለት እጇ አንሥታ ራሷ ደፋችው፤ ከዚያ ተንበርክካ፣ ከየቤቱ ከመጣው አመድ በእፍኟ እየዘገነች፣ አንድም ልጣጭ እስከማይታይ አለበሰችው። አመዱ ብዙ ነበር፤ እሷ ግን መጨመሯን አላቆመችም። እናቴ ጎንበስ ብላ አብራት መዝገን ጀመረች።

ወንድሜ አልተመለሰም። የጎረቤታችንም ልጅ አልተመለሰም። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ እናቴ በየቅዳሜው የአራት ሰው ቆሻሻ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ሦስት ናችሁ ያላት ሰው የለም።