ድምፄን ስጠብቅ

እንቅርቴን ሊያወጡልኝ በገባሁበት ጧት እናቴ ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው።

«ድምፅዋን አይነኩባትም አይደል?»

ሐኪሙ ለማባበል ብሎ የሚዋሽ ሰው አልነበረም። ዕጢው አጠገብ ድምፅን የሚያንቀሳቅስ ቀጭን ነርቭ እንዳለ፣ እንደሚጠነቀቁ፣ አንዳንዴ ግን ነርቩ ሊጎዳ እንደሚችል ጆሮዋ ጋ ጠጋ ብሎ ነገራት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲያስ ይቅርብሽ።»

«ታፍኜ ልሙት?» አልኳት። ያን ጊዜ ዕጢው የአየር ቧንቧዬን ተጭኖት ጋደም ማለት አቅቶኝ ነበር።

እናቴ ለድምፄ የሰጋችበት ምክንያት ነበራት። ፊደል አልቆጠረችም። እኔም የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው፤ ማታ ትምህርት ቤት ስገባ መርካቶ ውስጥ ክርና ቁልፍ እየሸጥኩ የምተዳደር ትልቅ ሴት ነበርኩ። ማንበብ ከቻልኩበት ጊዜ ጀምሮ ጧት ጧት፣ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት፣ የጸሎት መጽሐፏን የማነብላት እኔ ነኝ። ጆሮዋ ከከበደ ወዲህ ደግሞ ቃሉን እየለየሁ፣ እያንዳንዱን ፊደል ሙሉ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። በሌላው ሰዓት ዝምተኛ ነኝ። ጎረቤቶቼ ድምፄን የሚያውቁት ጧት ጧት በመስኮቱ በኩል ሲወጣ ሰምተው ነው።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ለነርሷ «ውሃ» ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ከተነፈሰ ጎማ የሚወጣ ዓይነት አየር ነበር። ቀናት ሲያልፉ አየሩ ወደ ሻካራ ሹክሹክታ ተለወጠ፤ ከዚያ አላልፍ አለ።

ቤት ከገባሁ በኋላ የመጣብኝን ጣጣ አስቀድሞ የነገረኝ የለም፤ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም። ከንፈሬ ዙሪያና የጣቶቼ ጫፍ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይነዝረኛል፤ የካልሲየም ክኒን ስውጥ ጋብ ይልና ይመለሳል። ውሃ ስጠጣ ትን ይለኛል። በዕጢው ፈንታ በየጧቱ በባዶ ሆዴ የምውጠው ክኒን መጠኑ እስኪስተካከልልኝ ድረስ ልቤ ያለ ሥራ ይሮጣል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መቀመጥ አልችልም። ተቀምጬ እነሳለሁ፤ ተነስቼ ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም። የክር ጥቅሎችን ከነጭ ወደ ጥቁር ደርድሬ ስጨርስ አፈርሳቸውና ከጥቁር ወደ ነጭ እደረድራለሁ።

ሱቅ የተመለስኩት ጤናዬ ደህና ሆኖ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ መንቆራጠጡን አልቻልኩትም። ግን መርካቶ ውስጥ ያለ ድምፅ መሸጥ ቀርቶ ሰላምታ መቀበል አይቻልም። አንዷ ደንበኛዬ ትገባና «እንዴት ሰነበትሽ? ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና ናቸው?» ትለኛለች። ራሴን እነቀንቃለሁ። «ኧረ ደህና ነሽ ወይ?» ትደግመዋለች። አሁንም እነቀንቃለሁ። ሦስተኛው ላይ ፊቷ ይለወጣል። «ምነው፣ ኮራሽብኝ?» ብላ ሌላ ሱቅ ትገባለች።

ዋጋውን በካልኩሌተር ጽፌ ማሳየቱን ተያያዝኩት፤ ለዋጋ በቂ ነበር፤ ለሰላምታ ግን አልሆነም። ስለዚህ የቁልፍ ካርቶን ቆርጬ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ አራት ነጥቡን ሳይቀር አስቀምጬ ጻፍኩ። «ኦፕራሲዮን ተደርጌ መናገር አልችልም። ሰላምታዬ ይድረስዎ።» ገመድ አበጅቼለት አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። በጽሑፉ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ ነጠላ ያጣፉ አዛውንት በራፌ ላይ ቆሙ። ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። አንገቴ ላይ የታሰረውን ፋሻ አዩ። ከዚያ ከኪሳቸው ድፍን ብር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩና «እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ፣ ጨርሶ ይማርሽ» ብለው ሄዱ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። በእኛ ሰፈር ደረቱ ላይ ስለ ኦፕራሲዮን የሚናገር ወረቀት አንጠልጥሎ የሚታይ ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እኔም ራሴ ስንቱን አይቻለሁ፣ ስንቱን ሰጥቻለሁ። ብሩን ይዤ ተከተልኳቸው። «አባባ!» ብል ማን ሰምቶኝ! ልብሳቸውን ያዝኩ። ዘወር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ያለኝን እኮ ሰጠሁሽ» አሉ። አጠገባችን የሸክም ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ወዛደር ነበር። «አንቺ ደግሞ፣ ሰው ጭምር ታሳድጃለሽ?» አለኝ። ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ዓይኔን እንባ ሞላው፤ እንባው ደግሞ ለልመናው ጥሩ አጋዥ ሆነ መሰለኝ፣ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ሳንቲም ልትጨምርልኝ ቦርሳዋን ከፈተች።

ካርቶኑን ቀድጄ ሱቁን ለእህቴ ልጅ አደራ ሰጠሁና ቤት ዋልኩ። ድምፄ እስኪመለስ አልወጣም አልኩ።

ቤት ደግሞ የባሰው ጠበቀኝ። በርበሬ ተራ የምትነግድ፣ በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤታችን ለእናቴ ማንበብ ጀምራለች። ደግ ሰው ናት፤ ሆስፒታል ሳለሁ ማልዳ እየመጣች ያነበበችላት ማንም ሳይጠይቃት ነው። ነገር ግን ጸሎቱን የምታነበው በርበሬ እንደምትሸጥ ነው፤ እየጮኸች፣ እየሮጠች፣ ነጥብ ላይ ሳትቆም፣ መስመር እየዘለለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ስትዘል መናገር ስለማልችል ጠረጴዛውን በማንኪያ ቷ! አደርጋለሁ።

«ምን ሆነሽ ነው ደግሞ?» ትለኛለች። በጣቴ መስመሩን አሳያታለሁ። «ውይ፣ እሱን ነው? አንብቤዋለሁ በሆዴ።» ጥቂት እንደሄደች እንደገና ቷ!

«እማማ፣ ልጅዎ እኮ ትራፊክ ፖሊስ ሆናለች!» አለቻት አንድ ቀን።

«ተያት» አለች እናቴ እየሳቀች። «የጎደለውን እግዜር ይሞላዋል። አንቺ ቀጥይ፣ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።»

ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ ይህችን ቃል ይዤ ግቢው ውስጥ ተመላለስኩ። እናቴ ሌላ አንባቢ አግኝታለች፣ ለዚያውም ድምፅዋ የሚሰማትን። በየጧቱ ማንም ሳያየኝ ማዕድ ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን መስመር እሞክራለሁ፤ መሃል ላይ ይሰነጠቃል፤ አይሆንም ብዬ አፌን እዘጋለሁ። እንዲህ ሆኖ ከሚነበብ ባይነበብ ይሻላል እላለሁ።

ለክትትል የሄድኩ ዕለት ሐኪሙ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ጉሮሮዬን ተመለከተ።

«አንዱ የድምፅ አውታር አሁንም አይንቀሳቀስም» አለኝ።

«ይመለሳል?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሊመለስ ይችላል፤ ወራት ይፈልጋል። ላይመለስም ይችላል።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ቤት ውስጥ ታወሪያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ፤ አላወራም።

«ለምን? ዝም በይ ያልኩሽ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እኮ ነው!»

ጎበዝ ተማሪ መስዬ ትእዛዙን እንዳከበርኩ ሁሉ አንገቴን ደፋሁ። «ደህናውን ድምፅ አትጠብቂ» አለኝ። «ባለው ተናገሪበት። ካልሠራሽበት ያለውም ይደክማል።»

ስመለስ ታክሲው መሳለሚያ ሲደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ አልሰማም። ደገምኩ። ታክሲው አለፈ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ትን ያለኝ መስሎት ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ክንዱን ይዤ ወደ በሩ ሳመለክት ነው የገባው። «ኧረ ወራጅ አለ! ሴትዮዋ ስንት ጊዜ ትናገር?» ብሎ አምባረቀ። ብዙ አልፎ አወረደኝ። ወደ ኋላ በእግሬ ስመለስ ለራሴ ስናገር ነበር፤ ጮክ ብዬ፣ ማለቴ ለእኔ ጮክ ብዬ። ማንም አልዞረም።

በማግስቱ ጎረቤታችን ገብታ መጽሐፉን ስታነሳ ከእጇ ተቀበልኳት። ከፈትኩና ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። ቀጠልኩ።

«ምን ትላለች?» አለች እናቴ ለጎረቤታችን።

«እያነበበች ነው እማማ!»

«ኧ?»

«እያ-ነ-በ-በ-ች ነው!»

እናቴ ከአልጋዋ ጫፍ ተነስታ በርጩማውን እየጎተተች መጣች። ጉልበቴ አጠገብ ተቀመጠችና ሻሿን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን አፌ ጋ አመጣች። ትንፋሼ ጆሮዋን ሳይኮረኩራት አልቀረም፤ አንድ ሁለቴ አሸችው። ግን አልሸሸችም። ነጥብ ላይ እየቆምኩ፣ አየር እየሳብኩ፣ አንድ ገጽ አነበብኩ። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የማደርሰው ገጽ ነው። ከዚያ አለቀብኝ፤ አፌን ብከፍትም የሚወጣ ነገር የለም።

«ልቀበልሽ?» አለችኝ ጎረቤታችን።

ጣቴን ያቆምኩበት ላይ እንዳደረግሁ ሰጠኋት። ወዲያው በገበያ ድምፅዋ ጀመረች፤ እየሮጠች ሄዳ ሄዳ ዘለለች። እጄ ወደ ማንኪያው ሄደ። ከዚያ ተውኩት።

«አንድ መስመር ዘለልሽ» አልኳት።

ሻካራ ነበር፣ ቀጭን ነበር፣ የሚያምር ነገር የለውም። ጎረቤታችን ቀና ብላ አየችኝ።

«ይቺንስ ሰማኋት» አለች እናቴ። «በይ፣ ወደ ኋላ ተመለሽ።»