አባቴ መቅደስ መግባት ያቆሙበት ምክንያት

ይህ የሆነው አምና፣ ጾመ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው። አንድ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን አሁንም ድረስ ሳስበው ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ሮብ ገበያ አካባቢ ባለች የገጠር ደብር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሰዋል። ከመሞታቸው ሦስት ዓመት በፊት ግን መቅደስ መግባት አቆሙ። ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ እንደ ማንኛውም ምእመን ውጭ ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። ለምን ሲባሉ ደከመኝ፣ ወጣቶቹ ይቀድሱ ይላሉ።

አገሩ መቼ ዝም ይላል! እናቴ ከሞተች ወዲህ ሴት አውቀው ክህነታቸው ፈርሶ ነው ተባለ። ወሬው እኔም ጆሮ ደረሰ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አመንኩት። አፈርኩባቸውና ቤት መሄዱን ቀነስኩ።

በስልክ ቃር አስቸገረኝ ሲሉኝ ኦሜፕራዞል ገዝቼ በሾፌር እልክላቸዋለሁ። ሲያልቅ ደግሞ እልካለሁ። ለማላውቀው ደንበኛ እኮ ስንት ጥያቄ እጠይቃለሁ! ሲተኙ ይብስብዎታል? የበሉት እየጎመዘዘ ወደ አፍዎ ይመለሳል? ደረቅ ሳል አለ? ሲውጡ ይይዝዎታል? አባቴን አንዱንም አልጠየቅኋቸውም። ድምፃቸው ሰልሎ ስሰማ እንኳ የጮቄ ተራራ ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

አምና ጾሙ ሲፈታ እንደምንም ሄድኩ። ሳያቸው ደነገጥኩ፤ ጋቢው ሰው ያለበት አይመስልም። ምሳ ቀርቦ አንድ ጉርሻ በጎረሱ ቁጥር ውኃ ይጎነጫሉ፣ ደረታቸውን በእጃቸው ይጫናሉ። አልጋቸውን አየሁት፤ በራስጌው የእህል ስልቻ ተደግፏል። ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ለካ ሁሉም ምልክት ተደርድሮ እኔን ሲጠብቅ ኖሯል።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ አፋጠጥኳቸው። ከዚያ ለንስሐ አባታቸው እንኳ ያልነገሩትን ነገሩኝ።

«ከቆረብኩ በኋላ ወደ አፌ ተመለሰብኝ። መልሼ ዋጥኩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነብኝ ልጄ። ሥጋ ወደሙ አልቀበልህም ሲለኝ በምን ድፍረት ልግባ?»

የቆረበ ሰው እንዳያስመልስ ምራቁን እንኳ እንዳይተፋ የሚጠነቀቀውን ጥንቃቄ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔ በሴት ስጠረጥራቸው እሳቸው ይህን ተሸክመው ነበር።

በማግስቱ ይዣቸው ወጣሁ። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እዚያ በጉሮሯቸው ካሜራ አስገብተው አዩ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። የጨጓራው አሲድ ለዓመታት ወደ ላይ እየተመለሰ የምግብ መውረጃውን አቃጥሎታል፤ አሁን ካንሰር ሆኗል፤ ለቀዶ ጥገናም ዘግይቷል አለኝ።

አባቴ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ልደብቃቸው አስቤ ነበር፤ ፊቴን አይተው እንዳትዋሺኝ አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ካንሰር የሚለውን ቃል እንኳ አልሸሸግኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ወደ አፌ ይመለስብኝ የነበረው በዚሁ በሽታ ነው?»

አዎ አልኳቸው።

«እሱ ጠልቶኝ አይደለማ» አሉና አማተቡ። ተመስገን እያሉ አለቀሱ። እናቴ ስትቀበር እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየሁም። ሞታቸውን የነገርኳቸው ሰው እፎይ ሲሉ ሳይ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ቤት ሲመለሱ አንድ ቀን እንኳ ልቀድስ ብለው ተመኝተው ነበር፤ መቆም አቃታቸው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አረፉ።

አሁን ቃር ያለኝን ሰው ሳልመረምር አልለቅም። ሽጪልን እንጂ ምን ታደርቂናለሽ የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ አምላኬ ጠላኝ እያሉ ብቻቸውን ሲጨነቁ፣ እኔ ልጃቸው ከሐሜተኛው ጋር ቆሜ ነበር። ይህን ሳልነግራቸው፣ ይቅርታም ሳልጠይቃቸው ሞቱ።